ስለ መንሸራሸር መከልከልና ሳይሰሙ ስለ መፍረድ



እኔ ከ20 ዓመት በላይ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖርሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን በብዕሬ ደጋግሜ የጻፍሁት ቃል ቢቈጠር፥ «ተከሳሹ ተጠይቆ ሲመልስ» የሚለውን የሚበልጥ አይገኝም። ዳኛው ምንም ቢቸኵል፥ ጥፋቱም ምንም ጐልቶ ቢታይ፥ ይህ ቃል በመዝገቡ ካልሰፈረ ፍርዱ ፍርድ አይባልም። ይህን ሥርዓት ዕለት ዕለት ሲጽፍ የኖረ ሰው በገዛ እኅቱ ላይ ሳይጠይቅ ፈረደ ቢባል ማን ያምናል? ይህን ያደረግሁ እኔ ነኝና፥ ለቤተ ሰብ ሁሉ ትምህርት ይሆን እንደ ሆነ ታሪኩን እንደሚከተለው እጽፋለሁ።

ነገሩ የሆነው የኮሮና ወረርሽኝ ዓለሙን ባስጨነቀበት በ2012 ዓ.ም. ነው። ታናሽ እኅቴ ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋር በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ትኖራለች። በዚያ አገር መጋቢት 14 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው፥ ሕዝቡ ሁሉ በቤቱ እንዲቀመጥ አዘዙ። ከደጅ መውጣት የተፈቀደው ለጥቂት ነገር ብቻ ነበረ፤ ይኸውም አስፈላጊ ምግብ ለመግዛት፥ ለሕክምናና የተቸገረን ለመርዳት፥ በቤት ሊሠራ ለማይቻል ሥራ፥ እንደዚሁም በቀን አንድ ጊዜ ብቻን ወይም ከቤተ ሰብ ጋር ለመራመድ፥ ለመሮጥ ወይም በብስክሌት ለመንሸራሸር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቃላቸው የተናገሩት እንዲህ ነበረ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፥ መጋቢት 26 ቀን ቅዳሜ፥ የብርዱ ወራት አልፎ በሎንዶን ላይ ብሩህ ፀሐይ ወጣ። በከተማው ደቡብ፥ ላምቤት በሚባለው ክፍል፥ ብሮክዌል የተባለ ትልቅ መናፈሻ አለ። በዚያ ቀን ከ3,000 የሚበልጥ ሰው ወደዚያ እንደ ገባ፥ ብዙዎቹም በሣሩ ላይ ተኝተው ፀሐይ ሲሞቁ እንደ ዋሉ ማዘጋጃ ቤቱ አስታውቆ፥ በማግሥቱ መናፈሻውን ዘጋው። በዚያው እሑድ መጋቢት 27 ቀን፥ የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ በቴሌቪዥን ተጠይቀው ሲመልሱ፥ ደንብ የሚተላለፉት ጥቂቶች መሆናቸውን ሳይክዱ፥ ሕዝቡ ትእዛዙን ካልጠበቀ ግን ከቤት ውጭ የሚደረገውን የሰውነት እንቅስቃሴ መንግሥት ፈጽሞ ሊከለክለው እንደሚችል ተናገሩ።

ይህ ቃል እንደ ተሰማ የሕዝቡ አሳብ ተከፋፈለ። አንዳንዱ፥ ጥቂት ሞኞች በሣር ላይ ስለ ተኙ ሁላችን እንሞታለን፥ መናፈሻው ሁሉ ይዘጋ አለ። ሌላው ደግሞ፥ የአትክልት ቦታ ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ በመናፈሻ መዘጋት መፍረዱ ቀላል ነው፥ በጠባብ ክፍል ልጅ የሚያሳድገው፥ በኀዘንና በጭንቀት የታመመው፥ ሐኪም ተራመድ ያለው ሽማግሌ ምን ይሁን ብሎ ጠየቀ። ከዚህም ሌላ፥ ሰው አጥፍቶ እንደ ሆነ ያጠፋው ይቀጣ እንጂ ያላጠፋው በማን ዕዳ ይታሰራል የሚል ነበረ። በየጋዜጣው የሚወጣው ፎቶግራፍ ሰዉ እርስ በርሱ የተጣበቀ ያስመስል ስለ ነበረ፥ ፎቶግራፉ በረዥም መነጽር ከሩቅ ስለ ተነሣ ርቀቱን ይሰውራል በማለት የሚከራከሩም ብዙዎች ነበሩ።

በዚያ ወራት ፖሊሶችም ግራ ተጋብተው ነበር። በደርቢሺር ክፍል ወደ ተራራ ለመንሸራሸር የወጡትን ሰዎች በድሮን ከሰማይ ቀርፀው ፊልሙን ለሕዝብ አሳዩ፤ በዚያው ክፍል በአንድ ባሕር ውስጥ ሰዎች እንዳይሰበሰቡ ውኃውን በቀለም አጠቈሩት። ሌሎች የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ደንብ የሚተላለፈውን ጐረቤት ሕዝቡ እንዲያስታውቅ መንገድ ከፈቱ።

እዚህ ላይ ለሚኒስትሩም ተገቢውን ፍርድ መስጠት ይገባል። በዚያ ሰሞን በሆስፒታሎቹ ሰው በየቀኑ በመቶ የሚቈጠር ይሞት ነበር። በዚያው እሑድ ማታ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሕዝባቸውን ለማጽናናት ንግግር አደረጉ፤ በዚያችው ሌሊት በበሽታው ተይዘው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው ወደ ሆስፒታል ገቡ። ቤቱ በእሳት የተያዘበት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጮኽ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በጥቂቶች ጥፋት ሁሉን ማስፈራራት ከሕዝቡ መካከል ምን እንደሚያወጣ፥ እኔ በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት አይቼዋለሁ።

ዳዊት በምንደግምበት ጊዜ ከትምህርት በኋላ ወደ ወንዝ ወርደን እንድንታጠብና እንድንጫወት የኔታ ይፈቅዱልን ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ከወንዙ ማዶ ተሻግረው የሰው ባቄላ እሸት በሉ። የኔታም ተቈጥተው፥ ይህ ነገር ዳግመኛ ቢሰማ ማንም ወንዝ አይወርድም ብለው ማሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ባቄላው ተጠበቀ፤ እኛ ግን ተለዋወጥን። ወንዙ እንዳይቀርብን በመፍራት አንዱ ሌላውን ይሰልል፥ አንዱ በሌላው ላይ ነገር ያመላልስ ጀመር። እሾህ ሊያወጣ ከመንገድ የቈየው ልጅ ሳይቀር «ማዶ ተሻግሮ ነበር» ተባለ። እኔም ራሴ አንድ ባልንጀራዬን ሳላረጋግጥ አስገርፌዋለሁ። ሰው የሚወደው ነገር በሌላው እጅ የተያዘ ሲመስለው ወንድሙን በክፉ ዓይን ማየት ይጀምራል። ይህን እያወቅሁ ዐርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በእኅቴ ላይ ያንኑ ደገምሁት።

በዚያ በመጋቢት 27 ቀን ማታ እኅቴ ስልክ ደውላ ነበር። ቤታቸው በደቡብ ሎንዶን በአንድ ትልቅ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ልጆችዋን ይዛ ለሁለተኛ ጊዜ ከቤት ስትወጣ አንዲት ጐረቤት ከመስኮት ሆና፥ ጧት ወጥተሽ አልነበረምን፥ እንዳንቺ ባለው ሰው ምክንያት ነው ሁላችን የምንታሰረው ብላ እንደ ሰደበቻት እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም ልቅሶዋን ማብረድ ሲገባኝ፥ በዜና የሰማሁት የሚኒስትሩ ቃል በጆሮዬ ስለ ነበረ፥ «በቀን አንድ ጊዜ ተብሎ ከታወጀ ሁለት ጊዜ መውጣትሽ ስለ ምን ነው? በሰው አገር ሕግ መተላለፍ ነውር አይደለምን?» አልኋት። ዝም አለች። ይህም ሳይበቃኝ በማግሥቱ ስለ ሕግ ክብርና ስለ ስደተኛ ጠባይ ረዥም ጽሑፍ በስልክ ላክሁባት። ያን ጽሑፍ ዛሬ ሳነበው አንድም የጥያቄ ምልክት የለበትም።

አንባቢ ሆይ፥ እኔ በዚያ ወራት እንዴት እኖር ነበር? በአገራችን መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ ከተገኘ በኋላ ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ እንጂ ብቻውን የሚራመደውን ሰው አልከለከለም። እኔም ሥራ ስለ ቀለለልኝ ጧት ጧት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ እንጦጦ እወጣ ነበር። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለሚመጣው ዓመት ስለ ተላለፈ፥ ሯጮቻችን ተለያይተው አንድ በአንድ በባሕር ዛፉ መካከል ሲሮጡ አይ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ተመላልሼ፥ ሳንባዬን ንጹሕ አየር መልቼ፥ ወደ ቤቴ ተመልሼ ቁርሴን እበላ ነበር። ያን ለእኅቴ የላክሁትን ጽሑፍ የጻፍሁት ከእንዲህ ያለው መንገድ ተመልሼ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ከእኅቴ ድምፅ ጠፋ። ሆሣዕና አለፈ፤ ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ ሆነ፤ እንኳን አደረሰህ የሚል አልመጣም። እናታችን በጭንቀት ስትጠይቀኝ፥ ተቀይማ ይሆናል፥ ሲበርድላት ትደውላለች እያልሁ አልፋት ነበር። በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት፥ ሚያዝያ 18 ቀን፥ የሚከተለው ጽሑፍ ደረሰኝ። እኅቴ ስለ ፈቀደችልኝ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

«ይድረስ ለጋሼ፤ እንደምን ሰንብተዋል? በፋሲካ ስላልደወልሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተቀይሜ ነበር፥ አልዋሽም፤ ነገር ግን ዝም ያልሁት በዚያ ምክንያት አይደለም። ባለቤቴ መጋቢት 29 ቀን ከሥራ ሲመለስ ትኵሳት ያዘው። በዚህ አገር ትእዛዝ ከበሽተኛው ጋር በአንድ ቤት ያለ ሁሉ 14 ቀን ከደጅ አይወጣም። እሱን በአልጋው አስተኝተን በአንሶላ ጋረድነው፤ እኔና ልጆቹ በምድጃው በኩል ሆንን። መስኮቱን ከፍተን ብርዱን ቻልነው። ትልቁ ልጅ ከደጁ እስከ መስኮቱ 9 እርምጃ መሆኑን ቈጠረ፤ በየቀኑም 100 ጊዜ እየተመላለሰ ‹መናፈሻው ደረስን› ይል ነበር። ከእኛ በታች ያሉት አሮጊት እግር ሲሰሙ ጣራቸውን በዱላ ስለሚመቱ በካልሲ ብቻ አስኬድሁት። ትንሽዋ ግን መናፈሻ በሩቅ በመስኮት እየታያት ስለምታለቅስ፥ መስኮቱን እንዳታይ ጀርባዋን አዙሬ አስቀምጣት ነበር። ሚኒስትሩ ያስፈራሩበትን ነገር እኛ 14 ቀን ቀመስነው። እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን፥ ትኵሳቱ ለቆት ተነሥቷል።

«ጋሼ፥ እርስዎ ስንት ጊዜ እንደ ወጣሁ ቈጠሩ፤ ለምን እንደ ወጣሁ ግን አልጠየቁኝም። ባለቤቴ ሌሊቱን ሁሉ አውቶቡስ ሲነዳ አድሮ ጧት ገብቶ ይተኛል። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ሌሊት ሰው አሳፍሮ እንዴት ይነዳል? ልጆች ደግሞ ዝም በሉ ቢባሉ ለትንሽ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጧት ይዣቸው እወጣለሁ፤ ለምሳ እመልሳቸዋለሁ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ እንደ ገና እወጣለሁ። በአጥሩ ዳር ዳር ከሰው ርቀን እንሄድ ነበር እንጂ አንድ ቀን በሣር ላይ አልተቀመጥንም። የሰደበችኝ ሴት የአትክልት ቦታ አላት፤ ልጆችዋ በዚያ ሲጫወቱ ከመንገድ ይታያሉ። እስዋን አልፈርድባትም፥ እስዋም ፈርታ ነው። እርስዎ ግን ያውቁኛል ብዬ ነበር።

«እናቴን ሳሙልኝ። እንጦጦስ እንዴት ነው? ዛሬም ጧት ጧት ይወጣሉ ወይ?»

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የተሰማኝን ልጽፈው አልችልም። ከሎንዶን የአውቶቡስ ነጂዎች ብዙዎች በዚያ ወራት በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ባልዋ ቢሞት ኖሮ ለእኅቴ የላክሁላት የመጨረሻ ቃል ያ ተግሣጽ በሆነ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አስቀድሞ ማድረግ የሚገባኝን አደረግሁ። በልጅነቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምሬአለሁና፥ መጋቢት 17 ቀን የወጣውን የእንግሊዝ ደንብ ፈልጌ ቃል በቃል አነበብሁት። ደንቡ በቂ ምክንያት የሌለው ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ይላል፤ ከበቂ ምክንያቶችም አንዱ ብቻን ወይም ከቤተ ሰብ ጋር የሰውነት እንቅስቃሴ ማድረግ ነው። ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ግን የተጻፈ ቍጥር የለበትም፤ የሰዓትም ልክ የለበትም። «በቀን ከአንድ ጊዜ የማይበልጥ» የሚለው ቃል የተጻፈው በዌልስ ደንብ እንጂ ሎንዶን ባለችበት በኢንግላንድ ደንብ አይደለም። ሰዎች ሁሉ እንደ ሕግ ሲጠቅሱት የነበረው «የአንድ ሰዓት መንገድ» ደግሞ፥ መጋቢት 20 ቀን ሚኒስትር ማይክል ጎቭ በቴሌቪዥን ተጠይቀው እንደ መሰላቸው የተናገሩት ነበረ። እንግዲህ እኅቴ ሕግ አልተላለፈችም ነበር። የባለ ሥልጣን ምክር ይናቅ ማለቴ አይደለም፤ በመቅሠፍት ጊዜ ምክር መስማት የጨዋ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ምክርና ሕግ የተለያዩ መሆናቸውን ከጐረቤትዋ ይልቅ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነው ወንድምዋ ሊያውቅ ይገባ ነበር።

የብሮክዌልንም ነገር መረመርሁ። የመናፈሻው ስፋት 50 ሄክታር ያህል ነው። ያ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲገባ የዋለው 3,000 ሰው በአንድ ጊዜ ቢቆም እንኳ ለያንዳንዱ ከ160 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል፤ ይኸውም ከእኛ ችሎት አዳራሽ ይሰፋል። ተሰብስቦ መቀመጥ ጥፋት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቍጥሩ ብዛት ብቻ ተነግሮ የቦታው ስፋት ካልተነገረ ነገሩ በአንድ ወገን ምስክር ብቻ እንደ ተፈረደ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ምርመራም፥ በሽታው ከሜዳ ይልቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እጅግ እንደሚተላለፍ አረጋግጧል።

ማስፈራሪያው በእንግሊዝ ቃል ሆኖ ሲቀር በሌሎች አገሮች ግን ተፈጽሟል። በእስፓኝ ከመጋቢት 5 ቀን ጀምሮ ለእንቅስቃሴ ከቤት መውጣት ክልክል ሆነ፤ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ሊያናፍስ ይወጣ ነበር፥ ልጅ ያለው ግን ልጁን ይዞ ለመንሸራሸር መውጣት አልተፈቀደለትም። የእስፓኝ ሕፃናት ከስድስት ሳምንት በኋላ ከደጅ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ሚያዝያ 18 ቀን ነው፤ ይኸውም የእኅቴ ጽሑፍ የደረሰኝ ቀን ነበረ። በፓሪስ ከመጋቢት 30 ቀን ጀምሮ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሩጫ ተከለከለ። በደቡብ አፍሪቃም ከመጋቢት 18 ቀን ጀምሮ እንቅስቃሴ ፈጽሞ ተከልክሎ፥ ሚያዝያ 23 ቀን ሲፈቀድ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ፥ ያውም ከቤት 5 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ ሆነ። በፈረንሳይ አገር አንድ ሰው በ7 ሜትር ሰገነቱ ላይ እየተመላለሰ ማራቶን ሮጦ ሰውን ሁሉ አስደነቀ። እኔም በጊዜው ዜናውን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በካልሲ 9 እርምጃ ስለሚመላለሰው የእኅቴ ልጅ ግን የጻፈ ጋዜጣ የለም።

በእንግሊዝ የነገሩ ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። ክልከላው ሳይታወጅ ቀረ። ሚያዝያ 10 ቀን ሌላው ሚኒስትር ሮበርት ጄንሪክ፥ ሕዝብ መናፈሻ ያስፈልገዋልና ሊዘጋ አይገባም ብለው ተናገሩ፤ ግንቦት 5 ቀንም በኢንግላንድ ሰው እንደ ወደደ ያህል ወጥቶ እንዲንቀሳቀስ ተፈቀደ። በዚያው ወር የመንግሥቱ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት፥ በታላቋ ብሪታንያ ከ8 ቤተ ሰብ አንዱ፥ በሎንዶን ግን ከ5 አንዱ የአትክልት ቦታ እንደሌለው፥ በኢንግላንድም ጥቁር ሰው በቤቱ የደጅ ቦታ ሳይኖረው የሚኖርበት ዕድል ከነጩ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም እንደማይቀረው አስታወቀ። የሆነ ሆኖ ፍርሃቱ ቶሎ አልለቀቀም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በደርቢሺር ሁለት ሴቶች ከቤታቸው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአንድ የውኃ ግድብ ዳር ሲራመዱ፥ በእጃቸው የያዙት ትኩስ መጠጥ እንደ ግብዣ ተቈጥሮ እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ተቀጡ። በኋላ ግን ፖሊሱ ቅጣቱን ሰርዞ ይቅርታ ጠየቀ።

እኔም በዚያው በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት ማታ ለእኅቴ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እስዋም እንደ ልማድዋ፥ «ይተዉት ጋሼ፥ አልፏል» አለችኝ። በ2015 ዓ.ም. ልጆችዋን ይዛ ለጥምቀት በመጣች ጊዜ ሁላችንን ወደ እንጦጦ አወጣኋቸው። ትልቁ ልጅ በመንገዱ ሁሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ስለ ነበረ ምን እያልህ ነው ብዬ ብጠይቀው፥ እርምጃ እየቈጠርሁ ነው፥ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለመደብኝ አለኝ። እናቱ ሰምታ ፊትዋን ወደ ዛፎቹ አዞረች። እኔም እጁን ይዤ አብሬው ቈጠርሁ።

የቤተ ሰብ አለቆች ሆይ፤ መቅሠፍት በመጣ ጊዜ መንግሥት ደንብ ያወጣል፥ ሐኪምም ይመክራል፤ ይህ የነሱ ሥራ ነው። በዘመድና በጐረቤት ላይ ችሎት መዘርጋት ግን የኛ ሥራ አይደለም። መፍረድ ግድ ቢሆንብን እንኳ፥ አስቀድመን እንጠይቅ፤ መልሱንም እንጻፍ።